ከምኞት በፊት ዕዳ

ሕንድ አገር ፑኔ ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር አንዲት ክፍል ያከራዩኝን እናት ሰፈሩ ሁሉ «ካኩ» ነበር የሚላቸው። በማራቲ ቋንቋ የአጎት ሚስት ማለት ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ከኢትዮጵያ እንደመጣሁ ስነግራቸው አልገረማቸውም። በንጉሡ ዘመን ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ወደ አገራችን መሄዳቸውን ያውቁ ነበር። አባቴንም ሒሳብ ያስተማሩት ሕንዳዊ ነበሩ።

የዝሆን ራስ ባለው የሂንዱ አምላክ በጋኔሽ በዓል ማለዳ ካኩ ከጸሎታቸው በፊት ያደረጉትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቀኝ መዳፋቸው ላይ ጥቂት ውኃ፣ ጥቂት ሩዝና አንዲት አበባ ያዙ። ከዚያ በጥንቱ የጸሎት ቋንቋ በሳንስክሪት ረጅም ነገር ማነብነብ ጀመሩ። ሲጨርሱ ውኃውን ሳህን ላይ አፈሰሱት።

ምን እንዳሉ በኋላ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ የሚነገረው ዘመኑ ነው፤ ከዓለም ታላላቅ ዘመናት ተነሥቶ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ዕለቱን እያለ ይወርዳል። ቀጥሎ ቦታው ይነገራል። ከዚያ የዘር ሐረግ፣ ከዚያ የራስ ስም። «እንዲህ ላደርግ ቆርጫለሁ» የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ሥርዓት ሳንካልፓ ይባላል። ቁርጥ ሐሳብ ማለት ነው፤ ወደ እኛ ስእለትም ይጠጋል።

እኔም ያኔ የራሴ ቁርጥ ሐሳብ ነበረኝ። ደብተሬ ላይ የአምስት ዓመት ዕቅድ ጽፌ ነበር። በማዕረግ መመረቅ። አሜሪካ ሄዶ ፒኤችዲ መማር። ሠላሳ ሳይሞላኝ መኪና መግዛት። ደስ ብሎኝ ለካኩ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ያለህበትን ቦታ አልተናገርክም እኮ፤ ቤተሰቦችህስ የታሉ?» አሉኝ።

እህቴ ያኔ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የቤት ኪራዬን በየወሩ የምትልክልኝ እሷ ነበረች። በአምስት ዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ግን ስሟ አንድም ቦታ አልነበረም።

እኔ ሂንዱ አይደለሁም፤ ኦርቶዶክስ ነኝ። የካኩ ጥያቄ ግን ዕቅድ የማወጣበትን መንገድ ቀይሮታል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የግብ አወጣጥ ሥልጠና በየአዳራሹ አለ። ቲክቶክ ላይማ አይጠየቅም። ምክሩ ሁሉ «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጀምራል። ግብህን ጻፈው፣ ቁጥር ስጠው፣ ቀን ቁረጥለት። መጥፎ ምክር አይደለም። ግን ጥያቄው ዘግይቶ መምጣት የነበረበት ይመስለኛል። መቅደም ያለበት «ምን አለብኝ?» የሚለው ነው።

የሕንድ ጥንታውያን መጻሕፍት ሰው ሲወለድ ሦስት ዕዳ ይዞ ይወለዳል ይላሉ። ለአማልክት፣ ለጠቢባንና ለቀደሙት አባቶች። የመጀመሪያው በአምልኮ ይከፈላል። ሁለተኛው ዕውቀትን በመማር፣ ሦስተኛው ልጅ ወልዶ ዘርን በማስቀጠል። አራተኛ ዕዳ የሚጨምሩም አሉ፤ ለሰው ሁሉ ያለብን ዕዳ ነው፤ የሚከፈለውም እንግዳ በመቀበል ነው። እኔን የነካኝ ሁለተኛው ነው። ዲግሪ ለኔ የማገኘው ነገር ነበር። እዚህ ግን መማር ራሱ ዕዳ መክፈያ ነው። ካኩ ከጡረታ በኋላም የሰፈሩን ልጆች በነፃ ሒሳብ የሚያስጠኑት ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ስለ ሂንዱ እምነት ሲነሣ ብዙዎቻችን ዓይነ ሕሊና ላይ የሚመጣው አመድ የተቀባ ባሕታዊ ነው። ዓለምን የናቀ፣ ምንም የማይፈልግ። ይህ ግማሽ ሥዕል ነው። በዚያ ትምህርት የሰው ልጅ አራት ዓላማዎች አሉት፤ ፑሩሻርታ ይባላሉ። ዳርማ ግዴታና ትክክለኛ አኗኗር ነው። አርታ ሀብትና ኑሮ ነው። ካማ ፍቅርና ደስታ ነው። ሞክሻ ከመወለድና ከመሞት ዑደት ነፃ መውጣት ነው። ገንዘብ መፈለግ ነውር አይደለም ማለት ነው። ደስ መሰኘትም እንደዚያው። መኪናዬን ከዝርዝሩ እንድሰርዛት ማንም አላዘዘኝም። ግን ሀብቱም ደስታውም በዳርማ ውስጥ ይፈለጋሉ። ልጓሙ እሱ ነው።

ዕድሜም ይታሰባል። የተማሪ ጊዜ አለ፣ የባለ ትዳር ጊዜ አለ፣ ከኃላፊነት ቀስ እያሉ የሚርቁበት ጊዜ አለ፣ በመጨረሻም ሁሉን የሚተዉበት ጊዜ አለ። የ25 ዓመት ልጅና የ55 ዓመት ሰው አንድ ዓይነት ዕቅድ እንዲያወጡ አይጠበቅም።

አሁን ወደ ባጋቫድ ጊታ ልምጣ። ጊታ ማሃባራታ የተባለው የሕንድ ጥንታዊ የጦርነት ተረክ ክፍል ነው፤ 18 ምዕራፍና 700 ስንኝ አለው። ኩሩክሼትራ ሜዳ ላይ ሁለት ሠራዊት ተፋጥጦ ቆሟል። ጀግናው አርጁና በወዲያኛው ሰልፍ አያቱን፣ አስተማሪውንና የአጎቱን ልጆች ሲያይ ቀስቱን ጣለ። ሠረገላውን የሚነዳለት አምላኩ ክሪሽና ነው፤ መጽሐፉም የሁለቱ ጭውውት ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ 47ኛው ስንኝ ላይ ክሪሽና የሚለው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይመስላል፦ ሥልጣንህ በሥራው ላይ ነው፣ በፍሬው ላይ ፈጽሞ አይደለም፤ ለፍሬው ብለህ አትሥራ፣ ሥራ ወደ መፍታትም አታዘንብል።

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ይዞ የመጨረሻዋን ይተዋታል። ያኔ ትምህርቱ «የሆነው ይሁን» ብሎ መቀመጥ ይመስላል። አይደለም። አርጁና ተነሥ ነው የተባለው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ትርጉሙ በጣም ተግባራዊ ነው። «ፒኤችዲ አገኛለሁ» ስል የጻፍኩት የሌላ ሰው ውሳኔ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ አለበት፣ ቪዛ አለበት፣ ዕድል አለበት። «በየማለዳው ሁለት ሰዓት እጽፋለሁ» ስል ግን የራሴን ነው የጻፍኩት። የመጀመሪያው ሲቀር ዓመቱን ሙሉ ባዶ ያደርግብኛል። ሁለተኛው ቢቀር የሚቀረው በኔ ነው፤ ነገ ጠዋት ተነሥቼ ላስተካክለው እችላለሁ።

ሕንድ ራሷ ይህን ትምህርት ሁልጊዜ ታስታውሳለች ማለት አይደለም። ራጃስታን ውስጥ ኮታ የምትባል ከተማ አለች። ለኢንጂነሪንግና ለሕክምና መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ከመላ አገሪቱ የሚጎርፉባት ናት። ለሕክምናው ፈተና ብቻ በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆች ይቀመጣሉ፤ ያለው ቦታ ግን ከ100 ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እዚያች ከተማ ውስጥ ከ20 በላይ ተማሪዎች ራሳቸውን አጠፉ። ባለሥልጣናቱ የማጠናከሪያ ተቋማቱ ለሁለት ወር ፈተና እንዳይሰጡ እስከማዘዝ ደረሱ። ብዙዎቹ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ነበሩ። ይህን ሳስብ ልቤ ይደማል።

ለእነዚህ ልጆች በየትምህርት ቤቱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። እሱም ከማሃባራታ ነው። መምህሩ ድሮና የእንጨት ወፍ ዛፍ ላይ አስቀምጦ ተማሪዎቹን «ምን ይታያችኋል?» ይላቸዋል። አንዱ ዛፉን፣ አንዱ ቅጠሉን ይላል። አርጁና ግን የወፏ ዓይን ብቻ ነው የሚታየኝ አለ። ዒላማህ ላይ ብቻ አተኩር ለማለት ይተርኩታል።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን ኤካላቭያም አለ። የጫካ ሰዎች ልጅ ነው። ድሮና በዘሩ ምክንያት አላስተምርህም አለው። ልጁ የድሮናን ምስል ከጭቃ ሠርቶ ፊቱ ብቻውን ተለማመደ። አርጁናንም በለጠው። ድሮና ይህን ሲያውቅ የአስተማሪ ዋጋ ብሎ የቀኝ አውራ ጣቱን ጠየቀው። ልጁም ቆርጦ ሰጠ። አርጁና አንደኛ ሆኖ የቀረው በዚህ ነው። ወፏን ብቻ ያየ ሰው ይህን ጣት አያየውም። ሁለቱ ታሪኮች አብረው ቢነገሩ ምንኛ በወደድኩ።

የዚህ ትምህርት አደገኛ ጎንም እዚሁ ላይ ነው፤ ሳልናገረው ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ጊታ የራስን ዳርማ ጎደሎ አድርጎ መፈጸም የሌላውን አሳምሮ ከመፈጸም ይሻላል ይላል። ይህ ቃል ለብዙ ዘመን «በተወለድክበት ቅር» ማለት ሆኖ ሠርቷል። ጠራጊው ጥረጋውን፣ ቆዳ ፋቂው ፍቂያውን። «ዕዳ አለብህ» የሚል ትምህርት በጉልበተኛ እጅ ሲገባ ሰንሰለት ይሆናል። ቢምራኦ አምበድካር በ1891 ሲወለድ በዘር ክፍፍሉ ከሁሉ በታች ተደርገው «የማይነካ» ከሚባሉት ወገን ነበር። ያንን ቢቀበል ኖሮ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባልተማረ፣ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴም ባልመራ። በ1927 እሱና ተከታዮቹ የዘር ክፍፍሉን ሕግ የያዘውን ማኑስምሪቲ የተባለ መጽሐፍ በአደባባይ አቃጠሉ። በ1956 ናግፑር ላይ ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቹ ጋር ቡድሂስት ሆነ። ፑኔ ራሷ በ1848 ሳቪትሪባይ ፑሌ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ያስተማረችባት ከተማ ናት። ልታስተምር ስትሄድ ጭቃና እበት ይወረውሩባት ነበር።

ስለዚህ ዕዳዬን ሌላ ሰው እንዲቆጥርልኝ አልፈቅድም። የሰፈር ወግ አይቆጥርልኝም፣ የዘር ቆጠራም አይቆጥርልኝም። እህቴ የላከችልኝን ግን እኔ ራሴ አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ መንገዱ። በፌብሩዋሪ 1922 ከእንግሊዝ ገዢዎች ጋር አንተባበርም የሚለው የጋንዲ የትብብር እምቢታ ንቅናቄ መላ ሕንድን አንቀሳቅሶ ነበር። ቻውሪ ቻውራ በምትባል ከተማ ፖሊሶች ሰልፈኞች ላይ ተኮሱ፤ ሕዝቡ ተቆጥቶ ፖሊስ ጣቢያውን አቃጠለ። ከ20 በላይ ፖሊሶች ሞቱ። ጋንዲ ንቅናቄውን በሙሉ አቆመው። እስር ቤት የነበረውን፣ በኋላ የሕንድ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነውን ኔሩን ጨምሮ የቅርብ ሰዎቹ እጅግ አዘኑበት፣ ተናደዱበትም። ነፃነቱ 25 ዓመት ቆይቶ በ1947 መጣ። ትክክል ነበር ወይ ብለው የሚከራከሩ እስከ ዛሬ አሉ። እኔ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። አሂምሳ ማለት አለመጉዳት ነው፤ ለጋንዲ ደግሞ ግቡን ከመንገዱ መለየት አይቻልም። በሕይወቱ ትልቁን ዕቅድ ይዞ ሳለ «በዚህ መንገድ ከሆነ ይቅር» ማለት ቻለ። የኛ ዕቅዶች ላይ እንዲህ ያለ መስመር ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ምን እንደምናገኝ እንጽፋለን እንጂ ለማግኘት ስንል ምን እንደማናደርግ አንጽፍም።

ካኩ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ደግሞ እንደገና ውኃ ያፈሱ ነበር። «ሽሪ ክሪሽናርፓናማስቱ» ይላሉ፤ ለክሪሽና የተሰጠ ይሁን ማለት ነው። ሲጀምሩ ስማቸውንና ቦታቸውን ጠርተው፣ ሲጨርሱ ሥራውን ከእጃቸው ለቀው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ፒኤችዲውን እስካሁን አልጀመርኩም። በየማለዳው ግን እጽፋለሁ። እህቴም ከጅዳ ተመልሳለች። ባለፈው መስከረም 1 ቀን ደብተሬን ስከፍት የመጀመሪያውን መስመር ለእሷ ተውኩላትና «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ሱቅ ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። መንጃ ፈቃድ አለችኝ። ጅዳ ሳለች የቤቱ ሹፌር ሲነዳ ሁልጊዜ ከኋላ ተቀምጣ እጁን ታይ ነበር አሉ።

የመጀመሪያውን የተግባር ፈተና ወደቀች። ሐሙስ ድጋሚ ትፈተናለች። ጠዋት የማደርሳት እኔ ነኝ።