ቴክኖ ብለው ጠርተው ሦስት ልደት አከበሩብን

ሐዋሳ ውስጥ «የቴክኖ ምሽት» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሳምንቱን ሙሉ የአክስቴን ልጅ ስሰብካት ከረምኩ። ይህን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠራ የጭፈራ ሙዚቃ በ1980ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በመኪና ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው የአሜሪካ ከተማ ዲትሮይት እነ ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳንደርሰን እንደጀመሩት ነገርኳት። የበርሊን ግንብ ሲፈርስ ጀርመኖች ባዶ በቀሩ ፋብሪካዎችና ምድር ቤቶች ውስጥ እንዳሳደጉት፣ በ2024 ደግሞ የበርሊንን ቴክኖ በአገራቸው የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ እንዳሰፈሩት ጨመርኩላት። «ግጥም የለውም እንዴ?» አለችኝ። «ቆይ፣ ስትሰሚው ይገባሻል» አልኳት። ያኔ አፌን በቆረጠው!

መግቢያው 500 ብር። ማስታወቂያው «ከምሽቱ 3 ሰዓት» ይላል፤ በሰዓቱ ስንደርስ አንድ አስተናጋጅ ወለል ይወለውላል። እስከ ስድስት ሰዓት በየሰርጉና በየታክሲው የጠገብነውን ዘፈን አደመጥን። ውሃው ከሱቅ ዋጋ አምስት እጥፍ ነው። ይሁን፣ ቻልነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዲጄው ጀመረ። እውነቱን ለመናገር አጀማመሩ ጥሩ ነበር። በቴክኖ ዋናው ነገር ፍጥነቱ አይደለም፣ ትዕግሥቱ ነው። ያው ምት ሳይቋረጥ ይመታል፤ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ሌላው ሳይታወቅ ይወጣል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቆይ ሰውነት ራሱ ይከተለዋል። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ወረብ በዝግታ ተነሥቶ እስኪደምቅ ቆሞ የጠበቀ ሰው ይህን ለመረዳት ዲትሮይት መሄድ አያሻውም።

አራት ደቂቃ እንኳን አልሞላም፤ አስተዋዋቂው ማይክሮፎኑን አነሣ። «ሐዋሳ! እጃችሁ የታለ?» ሙዚቃው ቆመ። ተጀመረ። «ሐዋሳ!» እንደገና ቆመ። ሰውዬው ከተማዋ የጠፋችበት ይመስል ሌሊቱን ሙሉ ሲጠራት አደረ። የድምፅ ማጉያው ነገርማ አይነሣ፤ ወፍራሙ ድምፅ ሆድ ውስጥ መግባት ሲገባው ልቅ ቆርቆሮ በነፋስ ሲመታ ይመስል ነበር። መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ይህ እንኳን የእነርሱ ጥፋት አይደለም። ከጓሮ የተነሣው ጀነሬተር ግን በዚያ ሌሊት ሳይቋረጥ የመታ ብቸኛው መሣሪያ ነበር።

ከዚያ ርችት የተሰካበት ኬክ መጣ። «መልካም ልደት» ተዘመረ፣ ኬኩ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሡ። አስተናጋጁን «ወንድሜ፣ ቴክኖው የት ገባ?» ብለው «ጠርሙስ ያዘዙ ደንበኞች ናቸው፣ ትንሽ ይታገሡን» አለኝ። ታገሥኩ። ሁለተኛ ኬክ መጣ። ሦስተኛው ሲመጣ የአክስቴ ልጅ እያጨበጨበች ነበር፤ «ቴክኖህ ደስ ይላል፣ ኬክም አለው» አለችኝ።

ዲጄውን አልወቅሰውም። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶ እንደኛው ቆሞ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ። የምወቅሰው የቴክኖን ስም ለጥፎ ገንዘብ የሚሰበስበውን ቤት ነው። «የልደት ምሽት» ብትሉን ምን ነበረበት? አውቀን እንቀር ነበር።

ባጃጁ «ሌሊት ነው» ብሎ እጥፍ አስከፈለን። ዛሬ ጠዋት ስልኬን ስከፍት አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «በሕዝብ ጥያቄ የቴክኖ ምሽት በድጋሚ!» ይላል። የትኛው ሕዝብ ነው የጠየቀው? እኔ አልጠየቅሁም።