ዘፈናቸውን ወደን እነሱን መናቅ

እዚህ አሜሪካ፣ በሐበሻ ሰርግ ላይ ዲጄው የጥቁር አሜሪካውያንን ሂፕሆፕ ሲለቅ መድረኩ ጢም ይላል። እዚያው ጠረጴዛ ላይ አንዷ እናት ልጇን «ከእነዚህ ጥቁሮች ጋር እንዳላይሽ» ትላለች። ኧረ እኛስ ምንድን ነን?

በጣም ነው የሚያናድደኝ። ዋሽንግተን ውስጥ ክትፎ የምንበላበት የዩ ስትሪት ሰፈር ታዋቂው ጥቁር የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ነው። እዚያው አጠገብ ያለው የጥቁር አርቲስቶች መድረክ፣ ሀዋርድ ቲያትር፣ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ በተነሳው አመፅ ሰፈሩ ነደደ። አብዛኞቻችን የመጣነው ከዚያ በኋላ ነው። በር የከፈተልን የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ራሱ ያለ ጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል የሚታሰብ አልነበረም። ፖሊስም መኪና ሲያስቆም «ሐበሻ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ልጆቻችን ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ስንቱ ወላጅ ግን በቢዮንሴ ዘፈን ሲጨፍር አምሽቶ፣ ጠዋት ጥቁር ጎረቤቱን ሰላም አይልም!