የቅዳሜና እሁድ እብደት

አሮጌ የስፖርት መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ለሻጩ የሚዋሸው ትንሽ ነው፤ ገንዘብ እንዳነሰው ብቻ ይነግረዋል። ትልቁን ውሸት የሚያዘጋጀው ለቤቱ ነው። «ይህ እኮ ሀብት ማፍራት ማለት ነው» ይላል፤ «የእንዲህ ዓይነቶቹ ዋጋ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም።» ሚስቱ ዝም ብላ ትሰማዋለች። ዝምታዋን እንደ ስምምነት ይቆጥረውና ይቀጥላል፦ የተመረቱት ጥቂት ናቸው፣ ሰብሳቢዎች ይሻሙባቸዋል፣ ደግሞ ዘይቱን እኔው ራሴ እቀይራለሁ። «አንተ?» ትለዋለች። ባለፈው አምፖል ለመቀየር ሰው እንደጠራ ሁለቱም ያስታውሳሉ።

ዋጋቸው በእርግጥ የሚጨምር አሮጌ መኪናዎች አሉ። እሱ ግን የሚያያቸው በፎቶግራፍ ነው። አቅሙ የሚፈቅዳቸው ደግሞ ጎማው፣ ኢንሹራንሱ፣ መለዋወጫውና የመካኒኩ ሒሳብ ሲደመር ትርፋቸውን ገና ከጋራዥ ሳይወጡ የሚበሉ ናቸው። ይህን እሱም ያውቃል። ነገር ግን ትልቅ ሰው «ደስ ስለሚለኝ ነው» ብሎ ገንዘብ ማውጣት ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ደስታውን የነጋዴ ኮት አልብሶ ያወጣዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ገዢው ወረቀት አውጥቶ የፈረስ ጉልበት ያወዳድራል፤ ይኸኛው 150፣ ያኛው 300። ልፋቱ ከንቱ ነው። ዛሬ ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያደርስ የኤሌክትሪክ መኪና ያንን ሁሉ አሮጌ ጀግና መብራት ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ ያውም ነጂው የሬዲዮ ጣቢያ እየቀየረ። በፍጥነት ለመወዳደር አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ሽንፈትን በውድ ዋጋ ይገዛል።

ደስታው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሁለት ወንበር ያላትን፣ ጣሪያዋ የሚገለጠውን ትንሿን የስፖርት መኪና የማዝዳ ኤምኤክስ-5ን የመጀመሪያ ትውልድ እንውሰድ። ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነበር (ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። 1.6 ሊትር ሞተር፣ 115 ገደማ የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷም አንድ ቶን አይሞላም። ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ዘጠኝ ሰከንድ ገደማ ትፈልጋለች። በዚያ ዘጠኝ ሰከንድ ውስጥ ግን ሰውየው ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ማርሽ ይቀይራል፣ የሞተሩን ጩኸት ያዳምጣል፣ የመንገዱን ጠጠር በመሪው በኩል በመዳፉ ይቆጥራል። መሬት ለመሬት ስለተቀመጠ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 120 የሚሄድ ይመስለዋል። ኃይለኛ መኪና ሕግ በሚፈቅደው ፍጥነት ስትሄድ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ናት፤ ደካማዋ ግን ያላትን ሁሉ አውጥታ እየሰጠች ትሄዳለች፤ ነጂዋም ወንጀለኛ ሳይሆን ጀግና ሆኖ ቤቱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቱት ኤምኤክስ-5ዎች አንድ ሚሊዮን መድረሳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ያን ያህል ስለበዙም መለዋወጫቸው አይጠፋም፤ ይህ ለፍቅረኛ የማይማርክ ለባለቤት ግን ትልቅ ምሥራች ነው።

ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው አይወደድም። አሮጌ መኪና ፈላጊ ዙሪያውን የሚከቡት አማካሪዎች አንድም አሮጌ መኪና የሌላቸው፣ ነገር ግን በሁሉም ላይ ጥብቅ አቋም ያላቸው ሰዎች ናቸው። አንደኛው «እንግሊዝ ካልሆነ ምን መኪና ነው!» ይላል። ኤምጂቢን ያነሣል፦ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተመረተች፣ አሠራሯ ቀላል፣ ትዕግሥት ያለው ሰው በመጽሐፍ እየተመራ የሚጠግናት። ስለ ኤሌክትሪኳ ግን አይናገርም። በዚያ ዘመን የብዙዎቹን የእንግሊዝ መኪናዎች መብራትና ሽቦ ያቀርብ የነበረውን ሉካስን፣ መኪናዎቹን የሚወዱት ሰዎች ራሳቸው «የጨለማው ልዑል» እያሉ ሲቀልዱበት ኖረዋል። እንግሊዛዊቱን የሚገዛ ሰው ወደ ቤቱ ሳይጨልም ቢመለስ መልካም ነው፤ በጨለማ መጓዝን ከፍቅር ካልቆጠረው በቀር።

ሁለተኛው አማካሪ ጣሊያንን ይዞ ይመጣል። አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር በ1966 ተጀምራ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ብዙም መልኳ ሳይለወጥ የቆየች ውብ መኪና ናት። ውበቷን የሚክድ የለም፤ ዝገትም አልካደውም።

ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፖርሽ» ይላል። የ911ን ታሪክ ያልሰማ እንዳለ ይመስል ደግሞ ይተርካል፦ በ1963 ፍራንክፈርት ላይ 901 ተብላ እንደቀረበች፣ መካከሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አኃዝ ስም የእኔ ነው ብሎ ፔጆ ስለተቃወመ 911 እንደሆነች። ሞተሯ ከኋላ እግሮቿ ጀርባ ተንጠልጥሏል፤ ጭነቱ ሁሉ ዳሌው ላይ እንደተጫነበት በቅሎ። ደፋሩ ነጂ ኩርባ ውስጥ በፍጥነት ይገባል፤ መሐል ላይ ፈርቶ ከነዳጅ መስጫው እግሩን ያነሣል፤ ይኼኔ የኋላው ክብደት ከፊተኛው ቀድሞ ልሂድ ይላል፤ በተለይም በቀድሞዎቹ ላይ። ጀማሪ ሰው እስከ 1998 ድረስ የቆዩትን፣ ሞተራቸው በአየር የሚቀዘቅዘውን 911ዎች ቢመኝ አይፈረድበትም፤ ዋጋቸውን ሲሰማ ምኞቱ በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ነው ሰውየው ወደ ታናሽ እህቷ ወደ 944 የሚዞረው፦ ሞተሯ ከፊት፣ ካምቢዮዋ ከኋላ፣ ሚዛኗ የተስተካከለ፣ ዋጋዋ የሚቀመስ። እውነትም ጥሩ መኪና ናት። የፒስተኖቹንና የቫልቮቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው የሞተሯ የጥርስ ቺንጊያ ግን ጊዜው አልፎ ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ቫልቮቹን ያጣምሟቸዋል፤ የመኪናዋን ዋጋ ርካሽ ያደረገው ሻጭ ደግነቱ ከየት እንደመጣ ያን ዕለት ይታወቃል።

አራተኛው ወጣት ነው፤ ሆንዳ ኤስ2000 ይላል። ሁለት ሊትር ሞተሯ በደቂቃ እስከ 9000 ዙር ድረስ ይጮኻል። ዋናው ጉልበቷ የሚመጣው ግን ከ6000 በላይ ስለሆነ፣ ለመደሰት መጮኽ ግድ ነው። ጎረቤት ለሚወድ ሰው አትመከርም።

ወደ ግዢው ስንመጣ የማስታወቂያ ቋንቋ ማወቅ ያሻል። «ጥቂት ሥራ ብቻ ይቀራታል» ማለት የቀረው ሥራ መኪና መሆን ብቻ ነው። «ሞተሯ አልተነካም» የሚለው ዘይቱንም ይጨምራል። «በፍቅር የተያዘች» የሚሏት ለብዙ ዓመታት ሸራ ለብሳ አንድ ቦታ የቆመች ናት፤ ጎማዎቿ ጥርሳቸው ሙሉ ስለሆነ ገዢው ይደሰታል። በጎማው ጎን ላይ DOT ብሎ የሚጀምረውን ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ቢያነብ ግን 2309 የሚለው በ2009 ዓመት 23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት መሆኑን ይረዳ ነበር። ጥርስ ያለው ጎማ ሁሉ አይነክስም፤ እንደ ድንጋይ የደረቀ ጎማ ዝናብ ላይ መኪናዋንም ባለቤቷንም ይዞ ይሄዳል።

መካኒክ ይዞ መሄድ ብልህነት ነው፤ ሰዉ ግን ጓደኛውን ይዞ ይሄዳል። ጓደኛ ደግሞ ከገዢው ብሶ ይወዳታል። ሁለቱም ቀለሟን ሲያደንቁ፣ ሻጩ እነሱ ሳይደርሱ አስነሥቶ ያሞቀው ሞተር በአንድ ንክኪ ይነሣል፤ ይህም እንደ ጥሩ ምልክት ይመዘገባል። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ነው ምሥጢሩን የሚያወጣው፦ ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቷል፤ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ከሆነ የራዲያተሩ ውሃ መንገዱን ስቷል። ስለዚህ ከሰላምታ በፊት እጅን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ ነው። ከዚያ ትንሽ ማግኔት አውጥቶ በመኪናዋ በሮች ሥርና ከጎማዎቹ በላይ ማስጠጋት፤ ላሜራ ከሆነ ይጣበቃል፣ ስቱኮ ከሆነ ይወድቃል። (ሎተስ ኤላን ላይ የሞከረው ሰው ግን አይደንግጥ፤ አካሏ ቀድሞውንም ፋይበርግላስ ነው።) ጣሪያ የሌላት መኪና ጥንካሬዋ ያለው በወለሏና በሮቿ ሥር ባለው ላሜራ ላይ ስለሆነ፣ ምንጣፉን ገልጦ ማየት ከሞተሩ አይተናነስም። እርጥብ ከሆነ ሻጩ «ትናንት ስላጠብኳት ነው» ይላል። የእነዚህ ሰዎች ንጽሕና ያስገርማል፤ ሁልጊዜ ትናንት ነው የሚያጥቡት።

ሌላው ፈተና የገላ ነው። ወደ ዝቅተኛ መኪና መግባት ቀላል ነው፤ መሬት ራሷ ትረዳለች። መውጣቱ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ አንድ እግር ይወጣል፣ ቀጥሎ እጅ አስፋልት ይደገፋል፣ ከዚያ አጭር የጸሎት ጊዜ አለ። ይህን ሰው በተሰበሰበበት በክብር ማድረግ የማይችል ሰው የፈረስ ጉልበት ከመቁጠሩ በፊት ጉልበቱን ይቁጠር።

እንግዲህ ተገዛች እንበል። የሳምንቱ መጨረሻ ሲመጣ ወንበሮቹ ሁለት፣ ቤተሰቡ አምስት መሆኑ ይታወሳል። ልጆች ተራ ይይዛሉ፤ ሚስት «ለእኔ አታስቡ፣ ፀጉሬ ይበላሻል» ትላለች፤ እናቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሳፍረው «ልጄ፣ ይቺ መኪና አላለቀችም እንዴ? ጣሪያዋን ረስተውታል» ካሉ ወዲህ በእግር መሄድን መርጠዋል። ሰውየው አይከፋም። ብቻውን ሲነዳ መኪናዋ ቀለል ትላለችና።

ከስድስት ወር በኋላ ከመጀመሪያይቱ ጋር ፍጹም ተመሳሳይ የሆነች፣ የማትነሣ ሁለተኛ መኪና ተጎትታ ግቢው ትገባለች። «ለመለዋወጫ ነው» ይላል። መጀመሪያ መስተዋቷ ይፈታል፣ ከዚያ አንድ በር፣ ከዚያ ካምቢዮው ይወርዳል። ካምቢዮውን ለማውረድ ከሥሯ ሲገባ ግን ወለሏን በባትሪ ያየዋል፤ ዝገት የለም። በማግኔት ይፈትሻታል፤ ሁሉም ቦታ ይጣበቃል። ጥቂት ቀን ያስብበትና መስተዋቱን ይመልስላታል። በሩንም ይመልሳል። የቀድሞይቱ ሞተር ደግሞ ብዙ ወጪ ወጥቶበታልና ለእሷ ይስማማታል።