ባለ አምስት ድምፅ ጆሮ

ሁለት ሙዚቀኞች በጽሑፍ ተከራክረዋል። አንዱ ፒያሳ የሚኖር የሙዚቃ ደራሲ ነው። ሌላው አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የማሲንቆ መምህር ናቸው። የቀረበላቸው ጥያቄ ይህ ነው፦ የአዲስ አበባ የሙዚቃ ተማሪ እንደ ኦስትሪያዊው ሾንበርግና እንደ አሜሪካዊው ኬጅ ያሉ ደራሲዎች ያመጧቸውን የ20ኛው ክፍለ ዘመን የድርሰት ዘዴዎች መማር ይገባዋል? ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መምህሩ፦

አይገባውም። ሾንበርግ በ1920ዎቹ መጀመሪያ አሥራ ሁለቱን ድምፆች በረድፍ አሰለፈና አንዳቸውም እንዳይነግሡ ሕግ አወጣ። ረድፉን ወደ ፊት ትጫወተዋለህ፣ ወደ ኋላ ትጫወተዋለህ፣ ትገለብጠዋለህ፣ የተገለበጠውንም ከኋላ ትጀምረዋለህ። ከአሥራ ሁለቱም ድምፅ ሲነሣ 48 መልክ ይወጣዋል። ሒሳቡ ያምራል። ግን በትዝታ ቅኝት ውስጥ የሚነግሥ ድምፅ አለ። ዘፋኙ ዞሮ ዞሮ እዚያ ያርፋል፣ አድማጩም አብሮት ይተነፍሳል። ማረፊያውን ነጥቀኸው ምን ልትሰጠው ነው? የእኛ ጆሮ ባለ አምስት ድምፅ ነው። የአንቺ ሆዬን ቅኝት በቅጡ መቃኘት ያቃተው ተማሪ ሾንበርግን ምን ያደርግለታል?

ደራሲው፦

ጋሼ፣ ሌላውን ልለፈውና «የእኛ ጆሮ ባለ አምስት ድምፅ ነው» ያሉትን ልያዝ። የማን ጆሮ? አርመናዊው የሙዚቃ ሰው ነርሲስ ናልባንዲያን ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት የአገራችንን ዜማ በአውሮፓ ሀርሞኒ ሲያቀናብሩ ያዳመጠው ጆሮ ባለ ስንት ነበር? ሙላቱ አስታጥቄ አምስቱን ድምፅ ከአሥራ ሁለቱ ጋር አጋባና ኢትዮ ጃዝ አለው። ጆሮዬ ሞላብኝ ብሎ የጮኸ ሰው አልሰማሁም።

ደግሞ አንቺ ሆዬን እርስዎ ራስዎ አነሡት። ከዶ ቢነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ሁለት ቦታ ግማሽ ድምፅ አለበት። ይህን ከሕፃንነቱ የሰማ ሰው ግማሽ ድምፅ የሞላበት የዌበርን፣ የሾንበርግ ተማሪ፣ ሙዚቃ አይከብደውም።

መምህሩ፦

ግማሽ ድምፅ አልከበደኝም ልጄ። የከበደኝ ባዶው ነው። የአንተ ኬጅ በ1952 አንድ ሰው ፒያኖ ፊት አስቀምጦ ለ4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ አንድም ቁልፍ እንዳይነካ አደረገው። እስቲ ሠርግ ቤት ሞክረው። የሙሽራዋ አባት ያሉህን ጻፍልንና እናንብብ። ተማሪዎቼ የቤት ኪራይ አለባቸው፣ በዝምታ አይከፈልም።

ደራሲው፦

ኬጅ ያንን ብቻ አልሠራም። በ1940 አካባቢ የዳንስ ሙዚቃ ሲጽፍ የምት መሣሪያ ማስቀመጫ ቦታ ጠበበው። ፒያኖውን ከፍቶ ክሮቹ መሐል ብሎንና ጎማ ሰካበት። ፒያኖው ከበሮም ደወልም ሆነ። አሁን በገናን ያስቡት። በበርኩማውና በጅማቱ መካከል የምትገባውን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋን፣ ያውጧት። ያ ሆድ የሚያባባው ንዝረት የት ይቀራል? የእኛ ደርዳሪዎች ኬጅ ሳይወለድ የክርን ድምፅ እንዴት እንደሚያሻክሩ ያውቁ ነበር። በ1975 ፈረንሳዊው ደራሲ ዤራር ግሪዜ የአንድ ትሮምቦን ዝቅተኛ ድምፅ ውስጥ የተደበቁትን ድምፆች ፈልቅቆ ለኦርኬስትራ መሣሪያዎች አከፋፈለ። በገና አንድ ጊዜ ሲመታ ስንት ድምፅ ይሰማዎታል? አምስት ብቻ እንዳይሉኝ።

መምህሩ፦

በገናን ከብሎን ጋር ታነጻጽራለህ? በገና የዳንስ ማጀቢያ አይደለም። ሰው በጾም ይዞት የሚቀመጠው ለጸሎት ነው። ጭብጨባ አይፈልግም። ቦታ ስለጠበበውም አልተሠራም።

እናንተ ያገኛችሁትን ሁሉ አንሥታችሁ ቤተ ሙከራ ማስገባት ትወዳላችሁ። አሜሪካዊው ደራሲ ስቲቭ ራይክ በ1970 ጋና ሄዶ ከበሮ ተማረ፣ በቀጣዩ ዓመት ስሙን ያስጠራበትን የከበሮ ሥራ ጨረሰ። እነሱ ለመማር ወደዚህ ይመጣሉ፣ የእኛ ልጅ ደግሞ እነሱ የወሰዱትን ለመማር ወደዚያ ይሄዳል። ምልክት ያለው የድጓ ገጽ ፊቱ ተዘርግቶለት የማያነብ ልጅ፣ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ስለሚሠራው የራይክ ዓይነት ሙዚቃ፣ ስለ ሚኒማሊዝም፣ ያወራልኛል።

ደራሲው፦

ጋና ከመቼ ወዲህ «እኛ» ሆነች? በመጀመሪያው ጽሑፍዎ ጆሯችን የራሱ ቅኝት ያለው፣ ሌላ የማይገባው ነበር። አሁን እስከ አክራ ተለጠጠ። ስንት ድምፅ ደረሰ?

ድጓን በተመለከተ፣ የተማርኩትንና ያልተማርኩትን እርስዎ አያውቁም። «ልጄ» ማለቱም ይቅርብኝ። ትምህርት ቤት የማደርሳቸው የራሴ ልጆች አሉኝ።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን የመሠረቱት አሸናፊ ከበደ የእረኛን ዋሽንት መንፈስ ለኦርኬስትራ ጽፈዋል። የውጭውን ዘዴ ባይማሩ በምን ይጽፉት ነበር?

መምህሩ፦

እሺ፣ ወንድሜ። አሸናፊ የጻፉት ዜማ ነው፣ ሰምተህ ታንጎራጉረዋለህ። እንደሳቸው ለመጻፍ የሚማረውን ማን ከለከለ? ይማር። እኔ የምለው በገናን አትንኩት ነው። መድረክ ላይ ለኮንሰርት የሚወጣ ዕቃ አይደለም።

ደራሲው፦

ከወጣ ቆየ እኮ ጋሼ። ዓለሙ አጋ በገናን ያሬድ ትምህርት ቤት ውስጥ አስተምረዋል፣ በውጭ አገር መድረኮችም ደርድረዋል። ሰውም ትኬት ቆርጦ ገብቷል። እሳቸውንም አይገባቸውም ሊሉ ነው?

መምህሩ፦

እሳቸው እንዚራውን አውጥተው ብሎን አልሰኩበትም።

ደራሲው፦

እኔስ እሰካለሁ አልኩ?

መምህሩ፦

ታዲያ ምን አስነሣህ?