ውዳሴ ሥልጠና

ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ክፉ ክፉውን ብቻ መጻፍ በተለመደበት በዚህ ጊዜ፣ በእጅጉ የተዋጣልን አንድ ነገር ሳይመሰገን እንዳይቀር በማሰብ ብዕሬን አንሥቻለሁ። ይኸውም ሥልጠና ነው፤ በተለይም ብራናን፣ የታሪክ ሰነድንና የቃል ቅርስን ከኮምፒውተር ጋር ያወዳጃል ለተባለው፣ ዲጂታል ሂዩማኒቲስ ለሚሰኘው ዘርፍ የሚሰጠው ሥልጠና። ሌላው ዓለም ሥልጠናን የሥራ መዘጋጃ እያደረገ ሲሳሳት፣ እኛ ሥልጠናው ራሱ ሥራው መሆኑን ቀድመን ደርሰንበታል።

እኔ በግሌ በዚህ ዘርፍ አራት ጊዜ ሠልጥኛለሁ፤ አራቱም የመግቢያ ሥልጠናዎች ነበሩ። ቀጣዩ ደረጃ ለምን እንደማይሰጥ የጠየቁ አንዳንድ ትዕግሥት የጎደላቸው ባልደረቦች እንደነበሩ አልክድም። ይሁን እንጂ በአንድ በር አራት ጊዜ የገባ ሰው በሩን ከማንም አብልጦ ማወቁ ሊዘነጋ አይገባም፤ እኔ ዛሬ የማጠፊያውን ሲጥታ ሳይቀር ለይቼ አውቀዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊደነቅ የሚገባው የቦታ አመራረጡ ነው። ብራናዎቹ ያሉት በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ፣ በትግራይና በሸዋ አድባራትና ገዳማት ዕቃ ቤቶች ውስጥ ሲሆን፣ ሥልጠናው የሚሰጠው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ነው። ይህ በዘፈቀደ የተደረገ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ብራና ከእርጥበት ጋር ስለማይስማማ እሱን ወደ ሐይቅ ዳር ማምጣት ለቅርሱ አደገኛ ነው፤ ሠልጣኙን ወደ ብራናው መውሰድ ደግሞ ዳገቱ፣ ፒስታ መንገዱና ቁንጫው ስላለ ለሠልጣኙ አደገኛ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ወገኖች ፈጽሞ ሳያገናኙ ማቆየት ከሁሉም የላቀ የቅርስ ጥበቃ ዘዴ ሆኖ ተገኝቷል።

በመጨረሻው ሥልጠና ላይ የመጀመሪያው ቀን ግማሹ ያለፈው ለዘርፉ የአማርኛ ስም በማውጣት ነበር። አንዱ ወገን «ዲጂታላዊ ሥነ ሰብእ» ሲል ሌላው «ሥነ ሰብእ ዲጂታል» አለ፤ አንድ አንጋፋ መምህር ደግሞ ተነሥተው «ዲጂት» የሚለው ቃል በላቲን ጣት ማለት በመሆኑ «ጣታዊ ሥነ ሰብእ» ቢባል ከሥሩ እንደማይርቅ በሰፊው አስረዱ። ሐሳቡ በሞቀ ጭብጨባ ታጅቦ አምስት አባላት ላሉት ኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው እስከ ዛሬ አልተሰበሰበም፤ የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ሥልጠና ላይ ነው፤ አበል ያለው እዚያ ነውና።

በሁለተኛው ቀን የተፈጠረውን ግን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። በባለድርሻ አካልነት ከተጋበዙት መካከል አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከኋላ ወንበር፣ ከውኃ ማቀዝቀዣው አጠገብ ተቀምጠዋል። አሠልጣኙ ትሑት ወጣት ነው፤ ሜታዳታ ማለት ስለ መረጃው የሚሰጥ መረጃ መሆኑን፣ ይህም ማን ጻፈው፣ ማን አስጻፈው፣ መቼ ተጻፈ፣ የማን ንብረት ነው ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ እንደሚይዝ እያስረዳ ሳለ መሪጌታው እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይኸ እኮ እኛ ዘንድ ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። የጻፈው፣ ያስጻፈው፣ በማን ዘመነ መንግሥት እንደሆነ፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ፣ ሁሉም አለ። ከዚያ በኋላ ‹ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን› ብሎ ይዘጋዋል።»

ወጣቱ ፊቱ በርቶ ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ እንደተራመደ፣ የመድረክ መሪው ሰዓታቸውን እያሳዩ «መሪጌታ፣ በጣም እናመሰግናለን፤ አስተያየትዎን በውይይቱ ጊዜ ይስጡን» አሏቸው። የውይይቱ ጊዜ በሻይ ዕረፍት ተዋጠ። ነገሩን በእርጋታ ስናየው የመድረክ መሪው ትክክል ነበሩ፤ የጸሐፊውን ስም፣ የባለቤትነት ማረጋገጫውንና የአጠቃቀም ገደቡን በግማሽ ገጽ አጠቃልሎ፣ የሰረቀውንም የፋቀውንም በአንድ ቃል የሚያወግዝ ሥርዓት በሦስት ቀን ሥልጠና ላይ ይዞ መምጣት የቀሩትን ሁለት ቀናት ሥራ ፈት ማድረግ ነው። መሪጌታው በመጨረሻ ሰርተፍኬት ያልተሰጣቸውም በክፋት አይደለም፤ ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ ስላልያዙ ስማቸው በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ተግባር ልምምድ ተገባ። ካለፈው ፕሮጀክት የተረፈ የኤክሴል ፋይል ተከፍቶ «ገድለ ሐዋርያት» የሚል እንድንፈልግ ታዘዝን። ፈለግን፤ የለም። «ሃዋርያት» ብለን ስንፈልግ ሁለት፣ «ሀዋሪያት» ብለን ስንፈልግ አንድ ተገኘ። መዝጋቢዎቹ ሦስት ሰዎች ስለነበሩ እያንዳንዳቸው በሚወዱት «ሀ» ጽፈዋል፤ ይህም የአሠራር ነፃነት ምን ያህል እንደተከበረ ያሳያል። የፋይሉ የታችኛው ግማሽ ደግሞ የተጻፈው በቀድሞዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች ፊደል ስለነበር በአሠልጣኙ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ታየ። የኢትዮጵያ ፊደል፣ የዓለም ፊደላት በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ እንዲነበቡ በአንድነት በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያ ዓመት የተወለዱ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ተመርቀው፣ ከእኛው ጋር ሊሠለጥኑ በቅተዋል። እኛ ግን ማንም ሊያነበው የማይችል ጽሑፍ ማንም ሊሰርዘውም እንደማይደፍር ስለምናውቅ በአሮጌው ጸንተናል። አንድ ባልደረባዬ ዝብርቅርቁን ትኩር ብሎ ካየ በኋላ «ይኸ ራሱ ጥንታዊ ጽሑፍ ሆኗል» አለኝ፤ ለጥናት ሊያቀርበው ሳያስብ አልቀረም።

የሥልጠናውን ጥበብ በሚገባ የሚረዳ ግን የፋይናንስ ክፍሉን አሠራር የሚያውቅ ብቻ ነው። አንድ መምህር አንድ ወር ሙሉ ከአንድ ብራና ፊት ተቀምጦ ቅጠሉን ቢቆጥር፣ ይዘቱን ቢለይ፣ ምስሉን ቢያዘጋጅ፣ የሚያገኘው የወር ደመወዙን ነው፤ ሥራው በጆርናል የታተመ ጽሑፍ ስላልሆነ ለደረጃ ዕድገትም እምብዛም አይረዳውም። ያው መምህር ሦስት ቀን በአዳራሽ ተቀምጦ ብራና እንዴት እንደሚቆጠር ቢሰማ ግን አበል፣ ትራንስፖርት፣ ቦርሳና ሰርተፍኬት ያገኛል። ይህን ያየ ሰው መምህራኑ ሰነፎች ናቸው ቢል በደል ይሆንበታል፤ መምህራኑ መቁጠርስ በደንብ ይችላሉ።

ስለ ዕቃዎቹም አንድ ነገር ልበል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ስሙን አልጠራም፣ በዕርዳታ የመጣ የመጽሐፍ ስካነር አለ። በሞዴል 19 ንብረት ክፍል ገብቷል፤ በሞዴል 22 ግን አልወጣም፤ ወጪ አድርጎ የሚረከበው ሰው በስሙ ስለሚጠየቅበት ማንም የሚፈርም አልተገኘም። ካርቶኑ እንደታሸገ፣ የንብረት መለያ ቁጥሩ እንደተለጠፈበት፣ በየዓመቱ ቆጠራ ላይ «በጥሩ ይዞታ ላይ ይገኛል» ተብሎ ይመዘገባል። ሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ እስካሁን መብራቱ በተቃጠለ፣ መስታወቱ በተጫረ ነበር።

ከዚያው ቢሮ ያለው ሃርድ ዲስክማ ከዚህም የተሻለ ጥበቃ ተደርጎለታል። ከስድስት አብያተ ክርስቲያናት የተነሡ ምስሎችን የያዘ ሲሆን፣ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ በተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ ከሄደው አስተባባሪ ጋር ነው። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ሲመታ፣ ከመቅደላ የሄዱትን ብራናዎች ጨምሮ ለዓለም የተዘረጉት ምስሎች ለረጅም ጊዜ እንዳይታዩ ሆነው ነበር። እንደ ለንደኖቹ ሁሉን ነገር ኢንተርኔት ላይ መዘርጋት ውጤቱ ይህ ነው። የእኛን መሳቢያ ግን በምድር ላይ ያለ ማንኛውም ሌባ አይደርስበትም፤ እኛ ራሳችንም ብንሆን።

ትብብርን በተመለከተ ደግሞ ከማንም የሚያንስ ታሪክ የለንም። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ ተገኝቻለሁ፤ ሥነ ሥርዓቱ አርባ ደቂቃ የዘገየው ከባነሩ ላይ የማን ዓርማ በቀኝ ይሁን የሚለው ስላልተወሰነ ነበር። በሰነዱ መሠረት ሁለቱ ወገኖች «መረጃ ለመለዋወጥ፣ በጋራ ለመሥራትና ልምድ ለመቀያየር» ተስማምተዋል። በወሩ የአንደኛው ቡድን ወደ አንድ ደብር ሲሄድ ቄሰ ገበዙ በሩን ከፍተው «ይኸን መጽሐፍ አምና እነዚያ ፎቶ አንሥተውት ሄደዋል፤ ካቻምናም ሌሎች አንሥተውታል። እናንተም አንሡ፤ ግን ካነሣችሁት አንዱን ለእኛ የምትሰጡን መቼ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። ቡድኑ ጥያቄውን በማስታወሻው ላይ አስፍሮ፣ መጽሐፉን ለሦስተኛ ጊዜ አንሥቶ ተመለሰ። የመግባቢያ ሰነዱ ስለ ቄሰ ገበዙ የሚለው ነገር ስላልነበረ ጥያቄያቸው የሕግ መሠረት አልነበረውም።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ የባዕዳኑን አሠራር ስናነጻጽር ማዘናችን አይቀርም። በጀርመን አገር የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን «ቤተ መጻሕፍት» በሚባል ፕሮጀክታቸው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች መዝግበው በኢንተርኔት ለማቅረብ ከ2016 እስከ 2040 እ.ኤ.አ. ድረስ ዕቅድ ይዘዋል። ሃያ አምስት ዓመት! እኛ በሦስት ቀን የምንጨርሰውን እነሱ አንድ ትውልድ ሊፈጁበት ነው። ምስኪኖቹ በየዕለቱ እየተቀመጡ አንድ በአንድ ይመዘግባሉ አሉ፤ ምናልባት በአካባቢያቸው ሐይቅ ያለበት ሆቴል አጥተው ይሆናል።

ከእነሱም በፊት በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ዲጂታል የሚለው ቃል ሳይሰማ በማይክሮፊልም የተሠራ ሥራ ነበር። ካሜራ የያዙ ሰዎች አብዮቱ እየነደደ እንኳ ሳያቋርጡ ከ9000 በላይ ብራናዎችን አንሥተዋል፤ ቅጂውም በአሜሪካ ሚኒሶታ በአንድ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ለአጥኚዎች ደርሷል። እነዚያን ፊልሞች እያነበቡ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ካታሎጉን በየቅጹ ሲያዘጋጁ የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ሥራቸው በዓለም ዙሪያ ይጠቀሳል፤ የአሠልጣኞች ሥልጠና ወስደው ስለመሆኑ ግን የሚነገር ነገር የለም። ባነር የያዙበት ፎቶግራፍም አጋጥሞኝ አያውቅም። እንዲህ ያለ ክፍተት ያለበት ሥራ እንዴት ይህን ያህል ዕድሜ እንዳገኘ ለሚቀጥለው ሥልጠና የውይይት ርዕስ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቤያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ማምሻ ላይ ሰርተፍኬቱ ተሰጠ፤ የቡድን ፎቶግራፍም ተነሣን። ፎቶግራፍ አንሺው ሁለት ጊዜ አስደግሞናል፤ አንድ ዲን ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር ነው። መሪጌታው ከዳር ቆመው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በየቦርሳችን ውስጥ አንዳንድ ፍላሽ ተሰጠንና ተሰነባበትን።

ቤቴ ገብቼ ፍላሹን ኮምፒውተሬ ላይ ሰካሁት። የሥልጠናው ጽሑፍ ይኖርበታል ብዬ ነበር። በውስጡ የነበረው የካቻምናው፣ የአምናውና የዘንድሮው ሥልጠና የቡድን ፎቶግራፎች ናቸው። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ በከፍተኛ ጥራት ተቀምጧል፤ የፋይሉ ስም ዓመተ ምሕረቱን፣ ወሩንና ቀኑን ይዟል፤ አጠገቡ ባለው ሰነድ ላይ ቦታው፣ ያነሣው ሰው፣ የካሜራው ዓይነት፣ የባለቤትነት መብቱና ከግራ ወደ ቀኝ የቆሙት ሰዎች ስም ከነማዕረጋቸው በዩኒኮድ ፊደል፣ አንድም የ«ሀ» ስሕተት ሳይኖርበት ተመዝግቧል። ለለጋሹ የሚላክ ሪፖርት ስለሆነ ነው። በዘንድሮው ዝርዝር ላይ አንድ ሰው ብቻ ስም የለውም፤ ከቀኝ ዳር ባለው ቦታ ትይዩ «አንድ ባለድርሻ አካል» ይላል።