ፋይሉን በፋይልነቱ ላኩልኝ

ዛሬ ከ7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል አንድ ሎጎ ስፈልግ ዋልኩ። አንድ መስመር አልሣልኩም። ፍለጋ ብቻ።

ቢሯችን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። ሦስት ነን። አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ አንዱ ድረ ገጽና አፕ ይሠራል፣ እኔ እሥላለሁ፣ ዲዛይንም እሠራለሁ። ሰሞኑን የያዝነው የአንድ የባህል ልብስ ሱቅ ሥራ ነው። ካታሎግ ይታተማል፣ ድረ ገጽም ይከፈታል። ካታሎጉ ሐሙስ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። የቀረን የሱቁ ሎጎ ነው።

የሱቁ ባለቤት ሎጎውን አራት ጊዜ ልከውልኛል። አራቱንም ጊዜ በቴሌግራም፣ እንደ ፎቶ። ሁለቱ ስክሪንሾት ናቸው፤ የስልኩ ባትሪና ሰዓት ከላይ ይታያል። አንዱ ከቢዝነስ ካርድ ላይ በስልክ የተነሳ ነው፤ የአውራ ጣት ጥላ አርፎበታል። "እትዬ፣ እባክዎ ዋናውን ፋይል ይላኩልኝ" ስላቸው፣ "የኔ ልጅ፣ ምን ልዩነት አለው? ያው አይደል እንዴ?" አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። ቢሮ ሲመጡ እንኳ ቆሎ ይዘውልን ነው የሚመጡት።

ግን ያው አይደለም። አንዴ በደንብ ልናገረውና ይውጣልኝ።

የባልደረባዬ ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ 6000 በ4000 ፒክስል ነው። 24 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። ያንን ቴሌግራም ላይ በተለመደው መንገድ እንደ ፎቶ ስትልኩት፣ ቶሎ እንዲደርስ ተጨምቆ ነው የሚሄደው። ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ይሆናል። ከ24 ሚሊዮኑ የሚተርፈው 1.1 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስልክ ላይ ያምራል። ችግሩም ይኸው ነው፤ ስልክ ላይ ስለሚያምር ተበላሽቷል ስል ማንም አያምነኝም። ለጥሩ ኅትመት ግን በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል። 1280ን ለ300 አካፍሉት። 11 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ኤፎር ገጽ ሙሉ ለመሸፈን 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል። ስለዚህ ያ ፎቶ ሲለጠጥ የቀሚሱ ጥለት ይጠፋል። ሸማኔው ክር በክር የለቀመው ጥበብ ውኃ እንደነካው ቀለም ይደፈርሳል። ሳምንታት የፈጀ የሰው እጅ ሥራ ነው እኮ።

መፍትሔው አንድ ንክኪ ነው። የክሊፑን ምልክት ነክታችሁ፣ ፎቶ የሚለውን ትታችሁ ፋይል የሚለውን ምረጡ። እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ከዚያ ሻይ እየጠጣችሁ ጠብቁት።

ሎጎ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ሎጎ በቬክተር ነው የሚሠራው። መስመሩ በሒሳብ የተቀመጠ ስለሆነ እስክሪብቶ ላይም ታተመ ሕንፃ ላይ ተሰቀለ አይደበዝዝም። ሎጎ አሠርታችሁ ገንዘብ ስትከፍሉ ያንን ፋይል ተቀበሉ። የከፈላችሁት ለእሱ ነው። ሎጎ የምትሠሩ ልጆችም፣ እባካችሁ ሳትጠየቁ ስጡ። የሰው ንብረት ነው።

ይኼ ብቻ ቢሆን አልጽፍም ነበር። ባለፈው ሳምንት የካታሎጉ ጽሑፍ መጣልን። ስከፍተው አንድ የአማርኛ ፊደል የለበትም። የላቲን ፊደል፣ የፐርሰንት ምልክትና ቅንፍ ተደባልቆ ተዘርግቷል። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ነው። እነዚያ ፎንቶች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ነበር። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ይፈርሳል። በዚያ ዘመን ሌላ መንገድ አልነበረም፤ የሠሯቸውን ሰዎች አከብራለሁ። ግን ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ ወላጅ ሆኗል። እኔ ግን 12 ገጽ ቁጭ ብዬ እንደገና ተየብኩ። አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ። ስህተት ቢገባስ? የቀሚሱን ዋጋ አንድ ዜሮ ባጎድልስ? ማን ሊጠየቅ ነው?

የፊደላችን ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ፍለጋውም ሌላ ጣጣ አለው። ፎቶ አንሺያችን ፎልደሩን በሃሌታው ሀ "ሀበሻ ቀሚስ" ብሎ ያስቀምጣል። እኔ በሐመሩ ሐ "ሐበሻ" ብዬ እፈልጋለሁ። ኮምፒውተሩ ምንም አልተገኘም ይለኛል። ለእሱ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፎቶው እዚያው ቁጭ ብሏል፣ እኔ ዓይኔ እስኪቀላ እፈልጋለሁ። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። በላቲን ስንጽፍም አይሻልም። ፒያሳን አንዱ በሁለት ኤስ ይጽፈዋል፣ አንዱ በሁለት ዜድ። ካዛንቺስን አንዱ በኬ ይጀምራል፣ አንዱ በሲ። በአንድ ዲስክ ላይ አንድ ሰፈር ሦስት ቦታ ይቀመጣል።

ቀኑስ? "05-06-2017" የሚል ፎልደር አለን። የካቲት 5 ነው ወይስ ጁን 5? 2017ስ በማን ነው? በፈረንጆቹ ከሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ሊሄድ ነው። ገብቶ ፎቶ በፎቶ ከማየት በቀር መላ የለውም።

የሰዓቱ ግን የባሰ ነው። ባለፈው ጥር ፎቶ አንሺያችን አንድ ሠርግ ነበረው። ሁለት ካሜራ ነው የሠራው። የእሱ ካሜራ በፈረንጅ ሰዓት ተሞልቷል፣ የረዳቱ በእኛ። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ፎቶዎቹን ቀላቅለን በሰዓት ስንደረድራቸው ሙሽራዋ ከቤት ሳትወጣ ኬክ ቆርሳለች። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የተቆረሰውና ረዳቱ ያነሳው ኬክ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የእናቷን ጉልበት ስትስም ከተነሳችው ፎቶ ጎን ተሰልፏል። እናትየው እያለቀሱ ነው፣ አጠገባቸው ሻምፓኝ ይከፈታል። ቤተሰቡ አልበሙን በዚያው ቅዳሜ ይጠብቃል። ምክንያቱ ምን እንደሆነ እስክናገኝ ግማሽ ቀን ሄደ። ካገኘነው በኋላ የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራሙ ላይትሩም የረዳቱን ፎቶዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ 6 ሰዓት ወደፊት ገፋቸው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን ካሜራ ጎን ለጎን አድርጎ ሰዓታቸውን ማየትም ከዚያ የበለጠ አይወስድም ነበር።

መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። እሱን ችዬዋለሁ። ፎቶሾፕ ቅንብሩ ካልተነካ በየ10 ደቂቃው ለመልሶ ማግኛ ያስቀምጣል፤ የጠፋው ቢጠፋ ያቺው ናት። የሚያንገበግበኝ በእጃችን ያለው ነው። ማንም ያልከለከለን፣ ብር የማይጠይቀው።

ፕሮግራመር ባልደረባችንን ሳየው እቀናለሁ። እነሱ ጊት የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ነው። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደቀየረ ይመዘግባል። ትናንት የተበላሸው ዛሬ ይመለሳል። ለኔ ትልልቅ የፎቶሾፕ ፋይሎች እንዳለ አይመችም፤ እያንዳንዱን ቅጂ ስለሚይዝ ዲስኩ ወዲያው ይሞላል። ልማዱን ግን ወሰድኩት። "የመጨረሻ" የሚል ቃል ፋይል ስም ላይ አይጻፍም፤ ቁጥር ነው የሚጻፈው። ቀን ሲጻፍ ዓመት ይቀድማል፣ ወር ይከተላል፣ ቀን ይመጣል፤ ያኔ በራሱ ተራውን ይይዛል። የፈረንጅ ቀን እንዲሆን ሦስታችን ተስማማን፤ ካሜራውም ኮምፒውተሩም የሚያውቀው እሱን ነው። ከካሜራ የወጣው ጥሬው አይነካም፣ ለብቻው ይቀመጣል። ከሁሉም ሥራ ሦስት ቅጂ ይኖራል፣ በሁለት ዓይነት ቦታ፣ አንዱ ከቢሮ ውጪ። ረዳቱ ሲጀመር "ታካብጂዋለሽ" አለኝ። ሁለት ሳምንት አልፎ ፍላሹ አልከፈት ሲለው ሥራውን ያገኘው ከዚያ ከሦስተኛው ነው።

እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት ለመሣል ነው። ሰኞ የጀመርኩት የጥለት ሥዕል አለ፤ መስቀሉ መሃል ላይ ቢጫው ወደ አረንጓዴ የሚሻገርበትን ቦታ ገና አልነካሁትም። ልብሱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼዋለሁ፣ ክሩን በአጉሊ መነጽር እያየሁ ነው የምሠራው። ሦስት ሰዓት ቢሰጠኝ ይጠናቀቃል። ሦስቱን ሰዓት ግን ስክሪንሾት በላው። "ትንሽ ነገር ናት፣ ቶሎ አስተካክያት" የምትሉኝ ሰዎች፣ ያቺ ትንሽ ነገር የምትወስደው ከዚህ ጥለት ላይ ነው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ፋይሉን በፋይልነቱ ላኩልኝ።

አሁን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። እትዬ ሎጎውን መጀመሪያ የሠራላቸውን ልጅ ስልክ ከድሮ ደብተራቸው ላይ ፈልገው ሰጥተውኛል። ደወልኩለት፣ ዝግ ነው። ነገ በጠዋት እደውልለታለሁ።