ድንኳን ያልተተከለለት ሟች

አማቴ ከደብረ ብርሃን ሜሪላንድ የመጡት ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ነበር። ክርስትናው አለፈ፣ ብርዱ ገባ፣ በረዶው ደጁን ዘጋ። ቴሌቪዥኑም ሰለቻቸው። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ የማነባት አንዲት መጽሐፍ ነበረችኝ።

«ምን ይላል?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ግድያ ነው፣ እማማ።»

«በገና ጾም?»

ማስረዳት ነበረብኝ። ፈረንጆች «ኮዚ» የሚሉት የልብ ወለድ ዓይነት አለ። ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ትኩስ ነገር ይዘው የሚያነቡት ግድያ ነው። ደም አይታይም። ሰው ይሞታል እንጂ ማንንም አያስቸግርም። መርማሪዋ ፖሊስ አይደለችም፤ ዳቦ ቤት ያላት ነገር አዋቂ ሴት ናት። ሸሪፉ፣ ማለትም የአካባቢው ፖሊስ አለቃ፣ መልከ መልካም ነው፣ ግን ትንሽ ፈዘዝ ይላል። ካልፈዘዘ መጽሐፉ በ20 ገጽ ያልቃል።

የኔዋ መጽሐፍ ታሪክ አሚሾች መንደር ውስጥ ነው፣ ያውም በገና ሰሞን። አሚሾች መኪናና ቴሌቪዥን ትተው በድሮው ሥርዓት የሚኖሩ የአሜሪካ ክርስቲያኖች ናቸው። ለደራሲ ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም። የስለላ ካሜራ የለ፣ ቤት ውስጥ ስልክ የለ። ሟቹ «ድረሱልኝ» ልበል ቢል እንኳ ስልኩ ያለው መንገድ ዳር በቆመች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ነው። እዚያ እስኪደርስ ይሞታል።

አሚሾቹን አማቴ አይተዋቸዋል። ኅዳር ላይ ፔንሲልቬኒያ፣ ላንካስተር ወስደናቸው ነበር። ከፊታችን ግራጫ የፈረስ ጋሪ ቀስ እያለ ሲሄድ ሲያዩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ሌሊቱን ሙሉ በርሬ መጥቼ፣ ጋሪ?» ቀጥለው ግን ፈረሱን አጤኑትና «እሱስ ሰንጋ ነው» አሉ። አልተሳሳቱም። ከእነዚያ የጋሪ ፈረሶች ብዙዎቹ ከእሽቅድምድም ጡረታ የወጡ ናቸው።

እናም ማታ ማታ እየተረጎምኩ ማንበብ ጀመርኩ። ሟቹ በረት ውስጥ፣ ድርቆሽ ላይ ተገኘ። አንድ ምስክር «ረጅም፣ ጺማም፣ ጥቁር ባርኔጣ ያደረገ ሰው አየሁ» አለ። በአሚሽ መንደር ያገባ ወንድ ሁሉ ጺሙን ያሳድጋል፣ ሪዙን ይላጫል፣ ባርኔጣ ያደርጋል። ስማቸውም አያግዝም። ላንካስተር ውስጥ «ስቶልትዝፈስ!» ብለው ቢጣሩ ግማሹ መንደር «አቤት» ይላል። ምስኪኑ ሸሪፍ ምን ያድርግ?

እኔን ያስቸገረኝ ግን ምግቡ ነው። በየሁለት ገጹ አንድ ሰው ቅቤ የጠገበ ፓይ፣ በሊጥ ተሞልቶ የሚጋገር ጣፋጭ፣ ይጎርሳል። አማቴ ኅዳር 15 የገባውን ጾም ይዘዋል። ስለዚህ ስተረጉም ቅቤውን በዘይት እየቀየርኩ ነበር።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አስቆሙኝ።

«ድንኳኑ የት ተተከለ?»

«የምን ድንኳን?»

«የለቅሶው ነዋ! ጎረቤቷ ትናንት ሞቶ ይቺ ሴትዮ ሱቅ ከፍታ ብስኩት ትሸጣለች?»

መልስ አጣሁ። እውነትም መጽሐፉ ውስጥ ያለቀሰ የለም። ሚስትየዋ እንኳ አንድ ጊዜ በመሐረብ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ ውሃ ጣደች።

የሚገርመው፣ እውነተኞቹ አሚሾች ስሙን አያውቁት እንጂ ዕድር አላቸው። ሰው ሲሞት ጎረቤት ገብቶ ቤቱን ይረከባል። አንዱ ላሞቹን ያልባል፣ ሌላው ደጁን ይጠርጋል፣ ሴቶቹ ለመቶዎች የሚበቃ ምግብ ያበስላሉ። የሟቹ ቤተሰብ ሥራው መቀመጥ ብቻ ነው። ሰው ይመጣል፣ እጅ ይጨብጣል፣ አጠገባቸው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሳጥኑ ጌጥ የሌለው እንጨት ነው። መቃብሩ በአካፋ፣ በእጅ ይቆፈራል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ቀን ላይ ይቀበራል። ላንካስተር ውስጥ ሴት ከሆነች በሠርጓ ቀን ያደረገችውን ነጭ ሽርጥ አድርጋ ትቀበራለች። ደራሲዋ ይህን ሁሉ ወሰደችባቸውና በምትኩ ገዳይ ሰጠቻቸው።

አራተኛው ምዕራፍ ሬሳው ወደተገኘበት ቀን ይመለሳል። የሟቹ የአጎት ልጅ ትኩስ ፓይ ይዞ ሟቹ ቤት ከች አለ። ሬሳው የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ሸሪፉ ፓዩን ቀመሰና አመሰገነ።

«እሱ ነው» አሉ አማቴ።

«ማን?»

«መርዶው ሳይነገር የለቅሶ ምግብ ይዞ የመጣው።»

ሳቅኩ። እኔ የጠረጠርኩት ሆቴል ሊሠራ መሬት የሚያፈላልገውን የከተማ ሰው ነበር። ከረባት አስሯል፣ የሚነዳው መኪና ነው፣ ገና በገባ በሁለተኛው መስመር ላይ ሰዓቱን አይቷል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ደግሞስ ስንት የወንጀል ልብ ወለድ የጨረስኩ ሰው እያለሁ፣ አንድ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ገልጠው የማያውቁ ሴት ሊበልጡኝ?

መጽሐፉ በየማታው እየተቆራረጠ ጃንዋሪ 6 ደረስን። ቀኗ ለአሚሾችም ቀላል አይደለችም። ብዙዎቹ ዲሴምበር 25ን ካከበሩ በኋላ ይህችን ቀን «የድሮው ገና» ብለው ይይዟታል። ጠዋት የሚጾሙም አሉ። የድሮው የቀን አቆጣጠር ቅሪት ናት። የገና ዛፍና መብራት ደግሞ አያውቁም። ይህን ስነግራቸው አማቴ «አላልኩህም? ሰዎቹ የእኛ ናቸው» አሉ። እንዳሉኝ አላስታውስም፣ ግን ተቀበልኩ።

የገና ዋዜማ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የዶሮው ሽንኩርት እየተቁላላ ነው። ባለቤቴ በማማሰያው እያስፈራራች «መጽሐፏን ጨርሱና ኑ» አለችን። የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩ። ገዳዩ የአጎት ልጁ ነው። ያስያዘው ፓዩ ነው። መርማሪዋ ነገሩን የደረሰችበት 261ኛው ገጽ ላይ ነው።

አማቴ አልኮሩም። ጭራሽ የሰሙኝም አልመሰሉም።

«ለመሆኑ ሰውየውን ቀበሩት?»

ወደ ኋላ ገለበጥኩ። ወደ ፊት ገለበጥኩ። ከመጨረሻው ምዕራፍ ቀጥሎ ያለው የፓዩ አሠራር ነው። ዱቄት፣ ሞላሰስ፣ ግማሽ ኩባያ ቅቤ።

«አልቀበሩትም፣ እማማ።»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ።